ዕዳው አለቀ፤ ወርኃዊው ክፍያ የት ሄደ?

መስከረም 1 ቀን የእንጦጦ ራጉኤል ዓመታዊ በዓል ነው። በዚያን ዕለት ነጭ ለብሶ ወደ ተራራው የሚወጣው ሕዝብ ከሚለብሰው ነጠላና ቀሚስ ብዙው ከተራራው ሥር ካለው ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ነው። ስለዚህ የጳጉሜና የመስከረም መባቻ ገበያ ለአገር ልብስ ነጋዴና ለሸማኔ የዓመቱ መከር ነው ማለት ይቻላል። በዱቤ የተወሰደው የድርና የማግ ዋጋ የሚከፈለው፣ የተጓተተው የባንክ ክፍያ የሚስተካከለው፣ አልፎ አልፎም የብድሩ የመጨረሻ ክፍያ የሚፈጸመው በዚህ ሰሞን ነው።

ስለ ብድር አወሳሰድም ሆነ ስለ አከፋፈል ብዙ ተብሏል። ብድሩ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ስላለው የዕለት ተዕለት ወጪ ግን ብዙም አይወራም። እንደሚታወቀው ግን የብዙ ነጋዴ ቤት የሚፈተነው በዚያ ጊዜ ነው። ለዓመታት በየወሩ ሳይጓደል ይከፈል የነበረው ገንዘብ በእጅ ይቀራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ዕዳም የለም፣ ገንዘቡም የለም። «የት ሄደ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አይገኝለትም።

ብድር ልጓም ነበር

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብድር ሸክም ቢሆንም ልጓም ነው። የሚከፈልበት ቀን ይታወቃል፤ መጠኑም ይታወቃል፤ ካልተከፈለ የሚመጣው መዘዝም ይታወቃል። ነጋዴው ገቢውን የሚቆጥረው ክፍያውን ቀንሶ ነው። ልጓሙ ሲወልቅ ግን ገንዘቡ ባለቤት ያጣል። ቀን ያልተቆረጠለት፣ ስም ያልተሰጠው ገንዘብ ደግሞ በቅርብ ያገኘው ወጪ ይወስደዋል።

የመስከረም ወር ይህን ያባብሰዋል። በአንድ ወር ውስጥ የበዓል በግና ቅቤ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ዩኒፎርም፣ ከዚያም መስከረም 17 ቀን መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ። ከሽሮ ሜዳና ከአካባቢው ሸማኔዎች ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ሲሆኑ፣ መስቀልን ለማክበር ስጦታ ይዘው ወደ አገራቸው መሄድ የቆየ ልማዳቸው ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ የቤተሰብ ማሰሪያ ነው። ሆኖም በመስከረም 1 ገበያ ዕዳውን የዘጋ ሰው ከመስቀል መልስ በጥቅምት ወር እንደገና ድርና ማግ በዱቤ ለመውሰድ ከተገደደ፣ ከዕዳ ነፃ ሆኖ የቆየው አንድ ወር ብቻ ነው።

አገርም ከዚህ አታመልጥም። ኢትዮጵያ ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሃ አገሮች በወጣው የዕዳ ስረዛ ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም የመጨረሻውን ደረጃ አልፋ ብዙ ዕዳ ተሰረዘላት። በ2007 ዓ.ም ግን በዓለም አቀፍ ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም የዚሁ ቦንድ ወለድ የሆነው 33 ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ቀረ። የአንድ መንግሥትና የአንድ ሱቅ ሒሳብ አንድ አይደለም። ዕዳ መሰረዙ ወይም መከፈሉ ብቻውን ሌላ ዕዳ እንዳይመጣ እንደማይከለክል ግን ከሁለቱም ማየት ይቻላል።

የተለቀቀው ገንዘብ ስንት ነው?

ዕዳውን የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው በሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት የአገር ልብስ ነጋዴ ለአራት ዓመታት በየወሩ 12,000 ብር ለባንክ ስትከፍል ቆይታ ጨረሰች እንበል። ብድሩን ስትወስድ 12,000 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር። በሐሳቧ ውስጥ የሚኖረውም ያ የድሮው 12,000 ብር ነው። አሁን ስለተለቀቀላት ብዙ ነገር ይገዛልኛል ብላ ታስባለች።

ገበያው ግን በዚያው አልቆመም። በ2014 ዓ.ም የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዋጋ በየዓመቱ በ20 በመቶ ብቻ ጨመረ ብለን ብናሰላ እንኳ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይህም ማለት የነጋዴዋ 12,000 ብር ዛሬ የሚገዛው ብድሩን በወሰደችበት ጊዜ ከ5,800 ብር ባነሰ ገንዘብ ይገዛ የነበረውን ያህል ነው።

የዚህ ሌላ ገጽታ አለ። ወለዱ የማይቀያየር ብድር የወሰደ ሰው በዋጋ ንረት ተጠቅሟል፤ ክፍያው ዓመት በሄደ ቁጥር እየቀለለው ሄዷል። በመጨረሻው ዓመት «ዕዳው ገብስ ነው» ለማለት የሚያስደፍረውም ይኸው ነው። ስለሆነም የተለቀቀው ገንዘብ ቤቱ ከሚገምተው ያነሰ ነው። አዲስ ወጪ ከመጀመሩ በፊት ይህ በወረቀት ላይ ሊሰላ ይገባል።

ወረቀቱ ይቅደም

ከወጪው በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። ዕዳ አለቀ የሚባለው ገንዘቡ ሲከፈል ብቻ ሳይሆን ማስረጃው ሲገኝ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በስተቀር ሊረጋገጥ አይችልም ይላል። ብዙ ነጋዴ የሚዘነጋው ግን ይኸው ደንብ ለመክፈሉም የሚሠራ መሆኑን ነው። በምስክር ፊት ከፈልኩ ማለት ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

በመሆኑም ከባንክ የተበደረ ሰው ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ይውሰድ። ቤት ወይም መኪና አስይዞ ከነበረ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተመዘገበው መያዣ መሰረዙን ይከታተል፤ ካርታውን ወይም ሊብሬውን ይረከብ። ዋስ የሆኑለት ሰዎችም ነፃ መውጣታቸውን ይንገራቸው። ከግለሰብ ተበድሮ በመያዣነት ቼክ የሰጠ ደግሞ ቼኩን ሳይቀበል አይለይ። ሰነዱ በሌላ ሰው እጅ እስካለ ድረስ ስጋቱ አልወጣም። አንድ ነገር እናስታውስ፦ ይኸው ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። አራጣ የከፈለ ሰው ደግሞ በእጁ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም። ለእርሱ የመጨረሻውን ክፍያ በባንክ በኩል ማድረግ ይበጀዋል።

ጾም እንደሚፈታው

ሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት በቀጥታ ወደ ዶሮ ወጡ አይሄድም። በብዙ ቤት መጀመሪያ ተልባ ይቀርባል። ሆድ የለመደውን ሳይለቅ ድንገት ከባድ ነገር ከመጣበት ይታመማል። ከዕዳ የወጣ ቤትም እንደዚሁ ነው። ለዓመታት የተጨቆነ ወጪ በአንድ ወር ውስጥ ይለቀቅ ከተባለ የሚጎዳው ያው ቤት ነው።

ለምሳሌ ያነሳናት ነጋዴ 12,000 ብሯን ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በሦስት ብትከፍለው የሚከተለውን ይመስላል። ግማሹ ማለትም 6,000 ብር፣ ለባንኩ ይከፈል በነበረበት በዚያው ቀን ወደ ራሷ የቁጠባ ሒሳብ ይገባል። 4,000 ብር በዕዳው ምክንያት ለቆዩ አስፈላጊ ነገሮች ይውላል። የቀረው 2,000 ብር ለቤቱ የዕለት ወጪ ይጨመራል። በስድስት ወር ውስጥ 36,000 ብር መጠባበቂያ፣ 24,000 ብር ለቆየው ሥራ፣ 12,000 ብር ለቤቱ ማለት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ትኩረት ይሻል። ዕዳ የሚከፍል ቤት ያላወጣው ወጪ ሁሉ ትርፍ አይደለም። የሚያፈስ ጣራ፣ ያልታከመ ጥርስ፣ ያለቀ ጫማ፣ የተበላሸ የልብስ ስፌት መኪና የተላለፉ ወጪዎች ናቸው። እነዚህ በወረቀት ላይ ተዘርዝረው የባሰው ቀድሞ ካልተሠራ፣ ገንዘቡ ለሚታየው ነገር ለምሳሌ ለሶፋና ለቴሌቪዥን ይሄድና ጣራው በክረምት ሌላ ብድር ይጠራል።

ሦስተኛው ክፍል ትንሽ ቢሆንም አይቅር። ለዓመታት የተቆጠበ ቤተሰብ የዕዳው ማለቅ በማዕዱ ላይ ካልታየው ቁጠባው ይሰለቸዋል። 2,000 ብሩ መጠኑ የታወቀ ስለሆነ ሌላውን አይበላም።

ዋጋ የመጠየቅ ነፃነት

ከዕዳ መውጣት በዕለት ወጪ ላይ የሚያመጣው ትልቁ ለውጥ ብዙ መግዛት ሳይሆን ቦታ መርጦ መግዛት ነው። በሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ያለበት ሰው ዋጋ አይከራከርም። ባለሱቁ የጠራውን ይከፍላል፤ ሌላ ሱቅ መሄድም ያፍራል። በዕለት ገቢ ለሚያድሩ እናቶችም ሆነ ለደመወዝተኛው ይህ እውነት ነው። ደብተሩ ሲዘጋ ግን ገዢው ነፃ ነው። ከተራራው ወደ የካ በኩል ወርዶ ቅቤውንና ቅመሙን ከሾላ ገበያ፣ ጤፉን በኪሎ ሳይሆን በኩንታል ለመግዛት ይችላል። ብቻውን ካልቻለ ከጎረቤት ጋር ይካፈላል።

ስለዚህ ዱቤውን የዘጋ ቤት የመጀመሪያውን ወር የገዛውን ሁሉ ከነዋጋው ይመዝግብ፤ በሁለተኛው ወር ያንኑ ዕቃ በሌላ ገበያ ዋጋውን ይጠይቅ። ኑሮውን ሳያሳንስ የሚያገኘው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከጠበቀው በላይ ይሆናል።

የራስ አበዳሪ መሆን

ለነጋዴው ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ ይልቃል። መጠባበቂያው ከተሞላ በኋላ ያ 6,000 ብር በየወሩ መቀጠሉን አያቁም። በሁለተኛው ስድስት ወር የሚጠራቀመው 36,000 ብር ወዴት ይሂድ?

የቁጠባ ሒሳብ አንድ መንገድ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በ7 በመቶ ሒሳብ 30,000 ብር በዓመት የሚያስገኘው 2,100 ብር ነው። ይህ ከዋጋ ንረቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

አሁን የነጋዴዋን የዱቤ ሒሳብ እንመልከት። ድርና ማግ በሁለት ወር ዱቤ ስትወስድ አቅራቢው በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት 5 በመቶ ይጨምርባታል እንበል። በ30,000 ብር ዕቃ ላይ ይህ 1,500 ብር ነው። በዓመት ስድስት ጊዜ ብታዞረው 9,000 ብር ይሆናል። ይህም በ30,000 ብሩ ላይ 30 በመቶ ማለት ነው። ዱቤው ወለድ የሚል ስም ስለሌለው ብቻ ብድር አይመስልም እንጂ ብድር ነው። ስለዚህ ከዕዳ የወጣ ነጋዴ ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባው ገበያ የራሱን ሱቅ ነው፤ ዕቃውን በጥሬ ገንዘብ ከገዛ ለአቅራቢው ይከፍል የነበረውን ለራሱ ያስቀራል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ መጠባበቂያው ወደ ዕቃ አይለወጥ። ሰው ሲታመም ማግና ጥለት ሐኪም ቤት አይከፍልም። ሁለተኛው፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰሞን ርካሽ ነው ተብሎ የተከማቸ ዕቃ ራሱ የታሰረ ገንዘብ ነው።

አክሲዮን የሚያስብም ይኖራል። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢም 33 አክሲዮን ነበር፤ ይኸውም 9,900 ብር ነው። በጥር 2017 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። እነዚህ ለመካከለኛ ገቢ ባለቤት የተከፈቱ በሮች ናቸው። ሆኖም አክሲዮን በፈለጉት ቀን በፈለጉት ዋጋ የሚሸጥ አይደለምና ተራው ከመጠባበቂያውና ከሱቁ በኋላ ነው።

ዕቁብ ቁጠባ ነው ወይስ ብድር?

ልጓሙን ለመተካት ብዙ ሰው የሚመርጠው ዕቁብን ነው። ምርጫው ትክክል ነው፤ ዕቁብ ቀን አለው፣ ዳኛ አለው፣ ይሉኝታም አለው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው በሸማኔው ሰፈር ተረት ብቻ አይደለም። ሆኖም ዕቁብ ለአንዱ ቁጠባ፣ ለሌላው ብድር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

20 ሰዎች በየሳምንቱ 1,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ እንውሰድ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ይወስዳል፤ የጣለው ግን 1,000 ብር ብቻ ነው። የቀረውን 19,000 ብር በ19 ሳምንት ይከፍላል። ይህ ሰው ዋስ ጠርቶ የተበደረ ሰው ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚወስደው ደግሞ ለሌሎቹ ያበደረ ቆጣቢ ነው። ከዕዳ ገና የወጣ ሰው ዕጣው ቀድሞ ቢወጣለትና ገንዘቡን ለበዓል ቢያውለው፣ ሳያውቀው ተመልሶ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። የመጨረሻው ተራ ደግሞ የዋጋ ንረቱን ይሸከማል። የሚሻለው አጭር ጊዜ የሚፈጅ ዕቁብ መግባትና ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ የሚገዛውን ነገር መወሰን ነው።

በስልክ የሚገኘውም ብድር እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም መጨረሻ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን የብድር አገልግሎቶችና «ሳንዱቅ» የተባለውን የቁጠባ አገልግሎት ጀምሯል። ሁሉም በአንድ ስልክ ላይ ናቸው። ስልኩን የሚከፍተው ሰው ግን ወደ ሳንዱቁ ነው ወይስ ወደ ብድሩ የሚሄደው? መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ብድር የማይመስል ብድር፣ በየሳምንቱ ሲደጋገም ያ የተለቀቀው ክፍያ ተመልሶ እንዲታሰር ያደርጋል።

«ዋስ ሁነኝ»

ዕዳ አንድ ያልተነገረለት ጥቅም ነበረው። ገንዘብ ለሚጠይቅ ዘመድ «ዕዳ አለብኝ» የሚለው መልስ የማያስቀይም መልስ ነበር። ዕዳው ማለቁ በተሰማ ጊዜ ግን ጠያቂው ይበዛል። የሠርግ፣ የተዝካር፣ የልጅ ወደ ውጭ መላክ ጥያቄ ይመጣል። ከሁሉም ከባዱ «ዋስ ሁነኝ» የሚለው ነው፤ ገንዘብ ወዲያው ስለማያስወጣ ቀላል ይመስላልና።

ዋስትና የሌላ ሰው ዕዳ ነው። በሕጉ መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ ብሎ የፈረመ ሰው ደግሞ አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ ዋስ የሚሆን ሰው መጠኑን ያንብብ፤ ያ ገንዘብ ነገ ከኪሱ ቢወጣ ይችለው እንደሆነ ያስላ፤ ካልቻለ አይፈርም። ለዘመድ ለሚሰጥ ዕርዳታ ደግሞ በወር ወይም በዓመት የተወሰነ ገንዘብ መመደብ ይሻላል። «የዘንድሮው አልቋል» ማለት «የለኝም» ከማለት ይቀላል፤ እውነትም ነው።

አለማውጣትም ያስከፍላል

እስካሁን የተናገርነው ስለሚያባክነው ነው። ተቃራኒውም አለ። ለዓመታት በስስት የኖረ ሰው ዕዳው ካለቀ በኋላም እጁ አይፈታም። ያረጀውን የስፌት መኪና አይለውጥም፤ ሱቁን አያስቀባም፤ የበዓል ገበያ ሲደርስ በቂ ዕቃ አያስገባም፤ ልጁን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ሳል እስኪጠና ይጠብቃል። ገንዘቡ በሒሳቡ ላይ ተኝቶ የዋጋ ንረት ይበላዋል። ይህ ሰው ከባንኩ ነፃ ወጥቷል እንጂ ከፍርሃቱ አልወጣም።

ለእርሱ የሚሆነው መድኃኒት ያው ድልድል ነው። ለቆየው ሥራ የተመደበው 4,000 ብር በወሩ ውስጥ መውጣት አለበት ተብሎ ከተወሰነ፣ ለአባካኙ ገደብ የሆነው ቁጥር ለዚህኛው ፈቃድ ይሆንለታል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ስም የተሰጠው ገንዘብ ነው።

ለዚህ ሁሉ አመቺው ጊዜ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ ሁለትና ሦስት ወር በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ባልና ሚስት ተቀምጠው፣ ሱቁ ሸሪክ ካለውም ሸሪኩ ባለበት፣ ክፍያው ሲያቆም ገንዘቡ በየትኛው ቀን ወዴት እንደሚሄድ ይጻፍ። ባንኩም በዚያው ቀን ወደ ቁጠባው እንዲያዛውር ትዕዛዝ ይሰጠው። ገንዘቡ አንድ ወር እንኳ ሥራ ፈትቶ ካልዋለ ቤቱ እንደ ትርፍ አይለምደውም። ለሽሮ ሜዳ ነጋዴ ይህ ማለት ንግግሩ የሚጀመረው በሰኔ ወይም በሐምሌ ነው፤ መስከረም 1 ቀን የራጉኤል በዓል ከመድረሱ፣ የበዓሉም ገንዘብ ወደ እጅ ከመግባቱ በፊት።